ከሳይንስ ሙዚየም ማሳያዎች የሚወጡ የውድድር ጥያቄዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁት ከነመልሳቸው

ከሳይንስ ሙዚየም ለጥያቄና መልስ ውድድር ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከማሳያው ጎን ያለውን ጽሑፍ ይገለብጥና ‹‹ማን ፈለሰፈው? መቼ?›› ብሎ ይዘጋዋል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለሸምዳጅ ይመቻል፤ ማሳያውን ግን ማንም አያይለትም። እዚህ የተመረጡት አብዛኞቹ ተወዳዳሪው እዚያው ቆሞ በሰዓት፣ በእጁ ወይም በዓይኑ ሊያረጋግጣቸው የሚችላቸው ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የተጻፉት።

ከጣሪያ የተንጠለጠለው ትልቅ ፔንዱለም ቀስ እያለ አቅጣጫ የሚቀይረው ሞተር ስላለው ነው?

የሚያዞረው ሞተር የለም። ሽቦው በታሰረበት አካባቢ ብዙ ጊዜ የኤሌክትሮማግኔት ቀለበት ይገጠማል፤ ሥራው ግን አየር የሚነጥቀውን ጉልበት መተካት ብቻ ነው። አለዚያ መወዛወዙ እየደከመ ሄዶ ይቆማል። አቅጣጫውን የሚያስቀይረው የመሬት መሽከርከር ነው። ፈረንሳዊው ሌኦን ፉኮ በ1851 ፓሪስ በሚገኘው ፓንተዎን ውስጥ በ67 ሜትር ሽቦ 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኳስ አንጠልጥሎ ለሕዝብ ያሳየው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ አውጪዎች የሚሳሳቱት ‹‹በ24 ሰዓት አንድ ዙር ይዞራል›› ሲሉ ነው። ይህ የሚሠራው በዋልታዎች ላይ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ በአንድ ሰዓት የሚዞረው 15 ዲግሪ በቦታው ኬክሮስ ሳይን ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል ነው። ኬክሮስ 30 ላይ በሰዓት 7.5 ዲግሪ፣ ሙሉ ዙር በ48 ሰዓት። ፓሪስ ላይ 11.3 ዲግሪ ገደማ፣ ሙሉ ዙር ወደ 32 ሰዓት። ኬክሮስ 10 ላይ ስድስት ቀን ሊሞላው ጥቂት ነው የሚቀረው። በምድር ወገብ ላይ ጭራሹኑ አይዞርም። በሰሜን ንፍቀ ክበብ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ በደቡብ በተቃራኒው ይዞራል። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ ቦታው ካልተጠቀሰ አንድ መልስ የለውም።

ሰዓት ብቻ ይዞ ጣሪያው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል። እንዲያውም ከፔንዱለም ከሚወጡ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን እናስበልጣለን። ኳሱ ሄዶ ሲመለስ አንድ ተብሎ 10 ሙሉ ውዝዋዜ ይቆጠራል፤ የፈጀው ሴኮንድ ለ10 ይካፈላል፤ የተገኘው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ለ4 ይካፈላል። ውጤቱ የሽቦው ርዝመት በሜትር ነው፤ ስህተቱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ለምሳሌ 10 ውዝዋዜ 80 ሴኮንድ ከፈጀ አንዱ 8 ሴኮንድ ነው፤ 8 ጊዜ 8፣ 64፤ ለ4 ሲካፈል 16 ሜትር። የኳሱ ክብደት በስሌቱ ውስጥ የትም አይገባም።

ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ሰዓቱን ሲያስነሱ ‹‹አንድ›› ብሎ መጀመር ነው፤ መጀመሪያው ‹‹ዜሮ›› መሆን አለበት፣ አለዚያ የተቆጠረው 9 ውዝዋዜ ነው። ሁለተኛው የአንድ አቅጣጫ ጉዞን እንደ ሙሉ መቁጠር ነው፤ ያኔ ርዝመቱ ሩብ ሆኖ ይመጣል። 16 ሜትር የሚሆነው ሽቦ 4 ሜትር ነው የሚል መልስ ካዩ የሆነው ይህ ነው።

በፔንዱለሙ ዙሪያ በክብ የተደረደሩት ችካሎች አልወድቅ ካሉ ምን ተበላሽቶ ነው?

መጀመሪያ መጠበቅ። ችካሎቹ በየ5 ዲግሪው ከተተከሉ ኬክሮስ 30 ላይ ቀጣዩ የሚወድቀው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ወደ ምድር ወገብ በተጠጉ ቁጥር ደግሞ ይዘገያል። የኳሱ ሹል ጫፍ ችካሉን ወዲያው አይጥለውም፤ መጀመሪያ ጎኑን ይልሰዋል፣ በሚቀጥለው ምልስ ትንሽ ይነቀንቀዋል፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው አዘንብሎ የሚወድቀው።

ረጅም ጊዜ ተጠብቆም ካልወደቀ ኳሱን ከላይ ሆኖ መመልከት ነው። በቀጥታ መስመር መሄዱን ትቶ እንቁላል የመሰለ ቅርጽ እየሠራ ከሆነ ወይ ሲለቀቅ በጎን ተገፍቷል፣ ወይ ሽቦው የታሰረበት ቦታ በአንድ ወገን ይበልጥ ጠብቋል። መፍትሔው ማቆም ነው። ኳሱን በክር ወደ ጎን ስቦ ማሰር፣ ሙሉ በሙሉ ጸጥ እስኪል መጠበቅ፣ ከዚያ ክሩን በእሳት ማቃጠል። በእጅ የለቀቀ ሰው ሳያውቀው ጎን ይገፋዋል፤ ክር የሚቃጠለው ለትርኢት ብቻ አይደለም።

የቫን ደ ግራፍ ማሽን (በሚሽከረከር ችንጋ ኤሌክትሪክ እያመላለሰ በብረት ኳስ ላይ የሚያጠራቅመው) 300,000 ቮልት እያመነጨ ሰው የማይገድለው ለምንድን ነው? ሶኬት በጣም ባነሰ ቮልት ይገድላል።

ገዳዩ ቮልቱ ለብቻው ሳይሆን በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰትና የሚቆይበት ጊዜ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ 300,000 ቮልት ሲደርስ በላዩ ያጠራቀመው ጉልበት ሦስት ሩብ ጁል ገደማ ነው። ይህም 75 ግራም የሚመዝን ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረውን ያህል ነው። በአንድ ብልጭታ ያልቃል። ሶኬት ግን እጅ እስካልተላቀቀ ድረስ መስጠቱን አያቆምም።

ይህ የሚሠራው ለትናንሾቹ ማሳያዎች ነው። በቦስተን የሳይንስ ሙዚየም ያለው፣ በ1933 የተሠራው ግዙፍ ማሽን እያንዳንዳቸው 4.6 ሜትር የሚሰፉ ሁለት ኳሶች አሉት፤ ያንን ማንም አይነካውም፤ ባለሙያውም በብረት ፍርግርግ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው የሚያሠራው። ትንሹንም ቢሆን በደረቱ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ሊቀርበው አይገባም።

ብልጭታውን አይቶ ቮልቱን መገመት ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል፦ ደረቅ አየር የሚሸነፈው በአንድ ሳንቲ ሜትር 30,000 ቮልት አካባቢ ነው፤ 8 ሳንቲ ሜትር የዘለለ ብልጭታ ወደ 240,000 ቮልት ይጠቁማል። ይህ ግን ለለስላሳና ሰፊ ኳስ ነው። የተጠጋው ነገር ሹል ከሆነ ሒሳቡ ይፈርሳል።

የቫን ደ ግራፍን ኳስ ስንነካ ሌላው ሰው ፀጉሩ ሲቆም የእኔ ለምን አይቆምም?

ከአስር ዘጠኙ ምክንያት እርጥበት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። እርጥብ አየር ባለበት ቀን የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ (ቻርጁ) በማሽኑ ችንጋና በእግሩ ላይ ቀስ እያለ ያመልጣል። የሚያሠራው ሰው ችንጋውን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ባለ አየር ቢያደርቀው፣ ኳሱንም አቧራው እስኪለቅ በደረቅ ጨርቅ ቢወለውለው ወዲያው ለውጥ ያያል። ማሽኑ ደህና ከሆነ ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ፦ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መቀመጫ ላይ መውጣት፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ መዳፍን በኳሱ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ማስነሳት፣ እስኪያልቅ እጅን አለማንሳት። እጁን አንስቶ የመለሰ ሰው የሚያገኘው ንዝረት ነው። ግድግዳ ወይም ጓደኛ የነካም ቻርጁን ወደ መሬት ይለቀዋል። ቅባት የበዛበት፣ ወፍራም ወይም ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ ፀጉር አይነሣም፤ የሚያምርበት ቀጭን፣ ደረቅና በቅርቡ የታጠበ ፀጉር ነው።

የብርሃን ጅማቶች የሚርመሰመሱበት የመስታወት ኳስ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

እንደ ኒዮን፣ አርጎንና ዜኖን ያሉ ጋዞች፣ ግፊታቸው ተቀንሶ። መሃል ያለው እምብርት በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ የሚገላበጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይረጫል። ፍሎረሰንት አምፖል ቢያስጠጉለት ያለ ሽቦ ይበራል። በመስታወቱ ላይ ሳንቲም ወይም ሌላ ብረት አስቀምጦ መንካት ግን ጣት ያቃጥላል።

በክር ከተንጠለጠሉት አምስት የብረት ኳሶች ሁለቱን ስንለቅ በወዲያኛው በኩል ሁለት የሚወጡት ለምንድን ነው? አንዱ በእጥፍ ፍጥነት ቢወጣስ?

ጥያቄው ብልህ ነው፤ ‹‹የእንቅስቃሴ መጠን (መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ) አይጠፋም›› ብቻ ብሎ የሚመልስ ሰው ይወድቅበታል። ሁለት ኳስ በአንድ ፍጥነትም ሆነ አንድ ኳስ በእጥፍ ፍጥነት ቢወጣ የእንቅስቃሴው መጠን እኩል ነው። ልዩነቱ ጉልበቱ ላይ ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ አንዱ በእጥፍ ፍጥነት ቢወጣ ከገባው ጉልበት ሁለት እጥፍ ይዞ ሊወጣ ነው። ያንን ከየት ያመጣል?

ማሳያው የሚበላሸው ኳሶቹ በአንድ መስመር ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። አንዱ ክር በአንድ ሚሊ ሜትር ከረዘመ ምቱ ከመሃል ይስታል፣ ከአራት አምስት ምልልስ በኋላም ሁሉም አብረው ይዋዥቃሉ። ማረሚያው ክሩን ማስተካከል እንጂ ኳስ መቀየር አይደለም። መጫወቻው በኒውተን ስም ቢጠራም እንዲህ ያለውን ግጭት በተንጠለጠሉ ኳሶች ቀደም ብሎ ያጠናው ፈረንሳዊው ኤድም ማርዮት ነው፤ የውድድር ጥያቄ የሚያጣላውም እዚህ ላይ ነው።

በተዳፋቱ ላይ ቀለበት፣ ዲስክና ድፍን ኳስ አብረው ቢለቀቁ ማን ይቀድማል?

ድፍኑ ኳስ፣ ቀጥሎ ዲስኩ፣ መጨረሻ ቀለበቱ። ክብደታቸውና ስፋታቸው ለውጥ አያመጣም። ጥያቄው ቅርጹ ላይ፣ ማለትም ቁሱ ከመሃል ምን ያህል ርቆ ተቀምጧል የሚለው ላይ ነው። ቀለበቱ ከሚያገኘው ጉልበት ግማሹን ለመሽከርከር ያወጣዋል፤ ድፍኑ ኳስ ግን ከሰባት ሁለት እጁን ብቻ። ቀለበቱ 2 ሴኮንድ በፈጀበት ተዳፋት ኳሱ ወደ 1.67 ሴኮንድ ይፈጃል።

ማለያየት ለሚፈልጉ ከባዱ ይኸውና፦ ሁለት እኩል ጠርሙሶች፣ አንዱ በውሃ አንዱ በደረቅ አሸዋ ተሞልተው ቢንከባለሉስ? ውሃው ይቀድማል። ጠርሙሱ ሲዞር ውሃው አብሮት ስለማይዞር ለመሽከርከር የሚባክን ጉልበት የለም ማለት ይቻላል። አሸዋው በበኩሉ እየተፋተገ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

በምስማር አልጋ ላይ መተኛት ማታለያ ነው?

አይደለም፤ ክፍፍል ነው። ምስማሮቹ በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ ከተመቱ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቦታ ላይ 16 ይሆናሉ። 72 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጀርባና እግሩ 480 ምስማር ቢነካ ለአንዱ የሚደርሰው 150 ግራም ነው፤ ይህ ቆዳ አይበሳም። አደጋው መተኛቱ ላይ ሳይሆን መውጣትና መውረዱ ላይ ነው፤ ክርን ወይም ተረከዝ ብቻውን ሲያርፍ ክብደቱ በጥቂት ምስማር ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው በብዙ ሙዚየም ሰውየው መጀመሪያ ቀዳዳ ባለው ለስላሳ ሰሌዳ ላይ የሚተኛው፤ ምስማሮቹ ከሥር በሞተር ቀስ ብለው ይወጣሉ።

ትይዩ ከቆሙት ሁለት ትልልቅ ሳሕኖች በአንዱ ሹክ ስል ጓደኛዬ አልሰማኝም። የት ተሳሳትኩ?

ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ጓደኛቸው አዙረው ያወራሉ። መዞር ያለበት ወደ ሳሕኑ ነው፣ ለጓደኛ ጀርባ ሰጥቶ። አፍ ደግሞ በትኩረት ነጥቡ፣ ማለትም ሳሕኑ ድምፁን በሚሰበስብበት ነጥብ ላይ መሆን አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ቀለበት ምልክት ተደርጎበታል። ምልክት ከሌለ በሜትር ይገኛል፦ የሳሕኑ ስፋት በራሱ ይባዛና ለጥልቀቱ 16 እጥፍ ይካፈላል። 2 ሜትር ሰፍቶ 25 ሳንቲ ሜትር የሚጎደጉድ ሳሕን የትኩረት ነጥቡ ከመሃሉ 1 ሜትር ላይ ነው።

ከጩኸት ይልቅ ሹክሹክታ የሚሻለውም በምክንያት ነው። 300 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ ሳሕኑም በደንብ አያነጣጥረውም። የ‹‹ስ›› እና የ‹‹ሽ›› ድምፆች ሞገድ ግን ከአሥር ሳንቲ ሜትር በታች ስለሆነ ልክ እንደ ብርሃን ተንጸባርቆ ይሄዳል። ሳሕኖቹ 30 ሜትር ቢራራቁ ቃሉ ለመድረስ የሚፈጀው 0.09 ሴኮንድ ገደማ ነው።

ነፋስ ላይ የተንሳፈፈው ኳስ ነፋሱ ሲዘነብል እንኳ የማይወድቀው ለምንድን ነው?

‹‹ፈጣን አየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ›› የሚለው የተለመደ መልስ ጎዶሎ ነው። የበለጠ የሚያስኬደው የአየሩን መንገድ ማየት ነው፦ አየሩ የኳሱን ጎን ተከትሎ ይታጠፋል፤ ኳሱ አየሩን ወደ አንድ ወገን ሲያጥፍ አየሩ ኳሱን ወደ ሌላው፣ ወደ ነፋሱ መሃል፣ ይመልሰዋል። በቤት ለመሞከር የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስና የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል፤ ኳሱ 2.7 ግራም ብቻ ነው። ቀዝቃዛውን አየር ይጠቀሙ። ማድረቂያውን ቀስ ብለው ያዘንብሉና በስንት ዲግሪ እንደሚወድቅ አስቀድመው ያስገምቱ።

ሙሉ ሰውነትን ለማየት መስታወት ምን ያህል መርዘም አለበት?

የቁመትዎን ግማሽ፣ በትክክለኛው ከፍታ ከተሰቀለ። ወደ ኋላ መራቅ ምንም አይጨምርም፤ ይህንን ግን ሰው አያምንም። በመስታወቱ ላይ አናትና እግር የሚታዩበትን ቦታ በወረቀት ቁራጭ ምልክት አድርገው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቢሉ ምልክቶቹ አይነቃነቁም።

የዳይኖሰር አጽሞቹ እውነተኛ ናቸው?

ብዙዎቹ ቅጅዎች ናቸው፣ ወይም እውነተኛና ቅጅ የተቀላቀለባቸው። ቅሪተ አካል ድንጋይ ስለሆነ ይከብዳል። በቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ያለችው ‹‹ሱ›› የተባለችው ቲራኖሶረስ ከ90 በመቶ ያላነሰ አጥንቷ ተገኝቶ እውነተኛው ቆሟል፤ የራስ ቅሏ ግን ለብቻው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው፤ አካሉ ላይ የተሰቀለው ቀላል ቅጅ ነው። ሱ የተገኘችው በ1990 ሲሆን በ1997 በጨረታ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች።

ለውድድር ከዚህ የሚሻለው፦ ቲራኖሶረስ በዘመን የሚቀርበው ለእኛ ነው ወይስ ለስቴጎሶረስ? ለእኛ። ስቴጎሶረስ የኖረው የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ቲራኖሶረስ ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት። በመካከላቸው ከ80 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ።

ያገኘሁት ጥቁር ከባድ ድንጋይ ከሰማይ የወደቀ ይሆን?

ሙዚየሞች ይህን ጥያቄ በየጊዜው ይቀበላሉ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ‹‹አይደለም›› ነው። ማግኔት ካልሳበው ዕድሉ ጠባብ ነው። ከሳበው ደግሞ ማግኔታይት የተባለው የምድር ማዕድን ሊሆን ስለሚችል፣ ያልተለበጠ የሴራሚክ ጀርባ ላይ ይፈግፍጉት፤ ጥቁር ወይም ቀይ ቡናማ መስመር ከሰመረ የምድር ነው። እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ይሆናል። ከሰማይ ከወደቁት ድንጋዮች በግዝፈት የሚታወቀው ናሚቢያ ውስጥ ያለው ሆባ ነው፤ ወደ 60 ቶን ይመዝናል፣ ከወደቀበትም ተነቃንቆ አያውቅም።

የጨረቃ ድንጋይ ሌላ ነገር ነው። የአፖሎ ጠፈርተኞች ከ1969 እስከ 1972 በስድስት ጉዞ ያመጡት በጠቅላላው 382 ኪሎ ግራም ነው። አብዛኛው የሚጠበቀው በናይትሮጅን ውስጥ ነው፤ ኦክስጅንና እርጥበት ይለውጡታልና።

‹‹በሌላ ፕላኔት ስንት ኪሎ ትመዝናለህ?›› የሚለው ሚዛን ትክክል ነው?

ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ቃሉ ግን ያሳስታል። መጠነ ቁስ የትም አይቀየርም፤ የሚቀየረው ስበቱ ነው። እዚህ 60 የሚያሳይ ሚዛን ጨረቃ ላይ 10፣ ማርስ ላይ 23፣ ጁፒተር ላይ 152 ገደማ ያሳያል፤ ጁፒተር ግን የሚቆሙበት ጠንካራ መሬት የለውም፣ ቁጥሩ የተሰላው ከደመናው አናት አካባቢ ነው። ከሚዛኑ ጎን ያለውን ሰንጠረዥ በደንብ ያየ ሰው ሜርኩሪና ማርስ እኩል ሊባል የሚችል ቁጥር እንዳላቸው ይደርስበታል። ሜርኩሪ በጣም ታንሳለች፤ ግን እፍግታዋ ይበልጣል።

የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ያሉት የሚንሳፈፉት ስበት ስለሌለ ነው?

400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስበቱ ከምድር ገጽ ካለው ወደ 90 በመቶው ነው። የሚንሳፈፉት ከጣቢያው ጋር አብረው ያለማቋረጥ እየወደቁ ስለሆነ ነው፤ በሴኮንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ስለሚሄዱ ግን ምድርን ይስቷታል። አንድ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በቀን 16 ጊዜ ያህል ፀሐይ ስትወጣ ያያሉ።

በደመና ሣጥን ውስጥ የሚታዩት ነጫጭ መስመሮች ምንድን ናቸው?

ሣጥኑ ከሥሩ በደረቅ በረዶ፣ 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ቀዝቅዞ በአልኮል እንፋሎት የተሞላ ነው። ቻርጅ ያለው ቅንጣት ሲያልፍ በመንገዱ ላይ ጠብታዎች ይቋጠራሉ። አጭርና ወፍራሙ የአልፋ ቅንጣት ነው፤ ቀጥ ያለ ረጅምና ቀጭኑ አብዛኛውን ጊዜ ከሰማይ የመጣ፣ ሙዮን የተባለ ቅንጣት፣ የተጠማዘዘው ኤሌክትሮን። ሙዮን በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ይወርዳል፤ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ አንድ የጽሕፈት ወረቀት ውስጥ በሴኮንድ አሥር ያህል ያልፋሉ ማለት ነው። ምንም ካልታየ ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም ወይም አልኮሉ አልቋል፤ ከተዘጋ በኋላም ጥቂት ደቂቃ መታገስ ያስፈልጋል።

ዳኛን የሚያጨቃጭቁ ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው?

ቁጥራቸው የሚለዋወጥ፦ የሳተርን ጨረቃዎች ስንት ናቸው ብሎ መጠየቅ አዲስ በተገኘ ቁጥር መልሱን ይሽራል። መለኪያቸው ያልተነገረ፦ ‹‹ረጅሙ ተራራ›› ከባሕር ወለል ከተለካ ኤቨረስት፣ ከግርጌው ከተለካ ማውና ኬያ ነው፤ ከምድር እምብርት በርቀት ከሆነ ደግሞ የቺምቦራዞ ጫፍ። ሁኔታቸው የተዘለለ፦ ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር የሚጓዘው በ20 ዲግሪ አየር ነው፤ በዜሮ ዲግሪ 331። ብርሃን በባዶ ጠፈር 299,792,458 ሜትር በሴኮንድ ነው ቢባል ግን ክርክር የለውም፤ ሜትር ራሱ ከ1983 ጀምሮ የሚተረጎመው በዚሁ ቁጥር ነው።

ሁለት ቡድን እኩል ቢወጣ በምን ይለያል?

ለቀረበ የሚሰጥ ግምት ይጠየቅ። ፔንዱለሙ ጋ ወስዶ 10 ውዝዋዜ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ በወረቀት ማስጻፍ፣ ከዚያ በሁሉም ፊት በሰዓት መቁጠር። መቁጠሩ የሚጀመረው በዜሮ ነው።